ተናጋሪው ሲሄድ ደብረ ታቦር ላይ ምን ይቀራል?

ረመዳን ሲገባ ከሚለወጡት ነገሮች አንዱ ማምሻው ነው። ቀኑን ሲጾም የዋለ ቤተሰብ ካፈጠረ በኋላ አንድ ላይ ይቀመጣል፤ ቴምሩ፣ ሳምቡሳውና ሾርባው ከፍ ሲል ጨዋታው ይቀጥላል፤ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ስልክ ከኪስ ይወጣል። የዚህን ሰዓት ዋጋ አስቀድመው የተረዱት የመገናኛ ብዙኃን ነጋዴዎች ናቸው። በዓረቡ ዓለም የሚገኙ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የዓመቱን ትልልቅ ተከታታይ ድራማዎች የሚያዘጋጁት ለዚህ ወር ነው። ብዙዎቹ ድራማዎች በወሩ ቀናት ልክ 30 ክፍል ይኖራቸዋል፤ የማስታወቂያ ገበያውም የሚደራው በዚሁ ወቅት ነው። ሰው የተሰበሰበበት ሰዓት ለነሱ ገንዘብ ነው።

በዛሬው ገጻችን ይህንን ያነሳነው ስለ ድራማ ለማውራት አይደለም። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ታቦርም ማምሻውን ስልኩን ይዞ የሚቀመጥ ወጣት ብዙ ነው። ያያል፣ ይስቃል፣ ለጓደኛው ያጋራል፤ አንዳንዱም ራሱ ይቀርጻል። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ይህ ወጣት ከተመልካችነት አልፎ ከሥራው እንዲያድር ማን ምን ሊነግረው ይችላል? በዲጂታል ሚዲያ የተሰማሩ ሥራ ፈጣሪዎችና ገንዘባቸውን በዚህ ዘርፍ ላይ ያዋሉ ባለሀብቶች እየተጋበዙ ልምዳቸውን የሚያካፍሉባቸው መድረኮች በዋና ከተማችን ተለምደዋል። መድረኩ ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ ቢወጣ ምን ይዞ መውጣት አለበት? ተናጋሪው አጨብጭበንለት ሲሄድስ ምን ይቀራል?

ጋፋት የነገረችን

ደብረ ታቦር ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ስታስተናግድ የመጀመሪያዋ አይሆንም። ከከተማዋ አጠገብ ያለችው ጋፋት ለዚህ ምስክር ናት። አፄ ቴዎድሮስ ከስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡትን የእጅ ሙያ ያላቸው ሚሲዮናውያን ጋፋት ላይ አስፍረው መሣሪያ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ባልደረቦቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ እንጂ መድፍ የማቅለጥ ልምድ ያላቸው አልነበሩም። ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1867 ሰባት ቶን ገደማ እንደሚመዝን የሚነገርለት ሴባስቶፖል ተሠራ።

በዛሬ አነጋገር ንጉሡ ባለሀብት፣ ሚሲዮናውያኑ ባለሙያ፣ ጋፋት ደግሞ የፈጠራ ማዕከል ነበረች ማለት ይቻላል። ገንዘብ ነበረ፣ ጉልበት ነበረ፣ ጽኑ ፍላጎትም ነበረ። መድፉ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተቆረጠለት፣ በሺህ በሚቆጠር ሰው ጉልበት እየተጎተተ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ ግን የጋፋት ሥራም አብሮ አበቃ። ባለሙያዎቹ ከሀገር ወጡ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ጋፋት ላይ ግን ሁለተኛ ሴባስቶፖል አልተሠራም።

ይህንን ታሪክ ደብረ ታቦር ውስጥ የማያውቅ ተማሪ የለም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለኩራት ነው፤ ኩራቱም ተገቢ ነው። እኛ ግን ሌላ ትምህርትም እናይበታለን። ዕውቀቱን የያዘው እንግዳ፣ ገንዘቡን የያዘው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲሄዱ ሥራው ይሞታል። ስለዚህ ስለ ዲጂታል ሚዲያ የሚናገር እንግዳ ወደ ደብረ ታቦር ሲመጣ፣ ከንግግሩ ማማር በፊት የምንጠይቀው እዚያው የሚቀረውን ነገር መሆን አለበት።

ሰሚው ሞልቷል፣ መድረኩ ሩቅ ነው

የቀደሙት ለሚከተሉት ልምዳቸውን የሚናገሩበት ልማድ በዘርፉ እንግዳ አይደለም። ማርቆስ ለማ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት አይስ አዲስ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣት የቴክኖሎጂ ሥራ ፈጣሪዎች የሚገናኙበትና የሚማማሩበት ቦታ ሆኖ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያን በመሥራችነት የመሩት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ብሉ ሙንን አቋቁመው ሐሳብ ያላቸውን ወጣቶች ከገንዘብና ከምክር ጋር ሲያገናኙ ነበር። ሰለሞን ካሳ በኢቢኤስ ቴሌቪዥን ያቀርበው የነበረው የቴክኖሎጂ ፕሮግራምም በሀገር ውስጥና በውጭ ያሉ ባለሙያዎችን እየጋበዘ በየቤታችን አስገብቶልናል። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" የተሰኘውን ስትራቴጂ አጽድቋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጠው "የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች" ሥልጠና ተጀምሯል።

ሰዎች ተገናኝተው የሚመካከሩባቸው መድረኮች ግን አብዛኞቹ አዲስ አበባ ላይ ናቸው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚማር ወጣት ሥልጠናውን በስልኩ ሊከታተል ይችላል፤ ተናጋሪውን ከአዳራሽ ወጥቶ በር ላይ ጠብቆ "ይህችን ነገር አልገባኝም" ብሎ መጠየቅ ግን አይችልም። በእንዲህ ያለ መድረክ ትልቁ ጥቅም ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው በሩ ላይ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ተናጋሪው የሚጋበዘው ከተሳካለት በኋላ ስለሆነ ታሪኩን የሚያወራው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ሁሉም እርምጃ የታሰበበት፣ ሁሉም ውድቀት ለበጎ የሆነ ይመስላል። ሰሚው ተነቃቅቶ ይወጣል፤ በማግሥቱ ግን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" እንዲሉ፣ ሥሩን የሚያስወጡ ሦስት ጥያቄዎችን ይዘን ብንሄድ ይሻላል እንላለን። ማን ይከፍላል? የማን ነው? መስመሩ ሲቋረጥስ?

ማን ይከፍላል?

በዲጂታል ሚዲያ ሥራ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ዩቲዩብ ነው። ስለ ዩቲዩብ ብዙ ይወራል፤ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ የሚያሰላው ግን ጥቂት ነው። አንድ ሰው ከረጃጅም ቪዲዮዎቹ የማስታወቂያ ገቢ ተካፋይ ለመሆን ቢያንስ 1,000 ተከታታይና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ያስፈልገዋል። ይህንን አሟልቶ ሲፈቀድለት ከቪዲዮው ማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው የሱ ይሆናል፤ ቀሪው የኩባንያው ነው። ከውጭ የሚመጣ ክፍያን ተቀብሎ በእጅ ማስገባት ራሱ ለብዙዎች ፈተና ሆኖ መቆየቱም መዘንጋት የለበትም።

ከዚህ በላይ ልብ የማይባለው ነገር የማስታወቂያው ዋጋ በተመልካቹ አድራሻ የሚለያይ መሆኑ ነው። ዋሽንግተን ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያስገኘው ገቢ ወረታ ወይም ንፋስ መውጫ ሆኖ ከሚያየው ሰው እጅግ ይበልጣል፤ ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚከፍለው ለሚሸጥለት ሰው ነውና። በአማርኛ የሚሠሩ ብዙ ቪዲዮዎች ርዕሳቸው ጩኸት የበዛበት፣ ዓይናቸውም በውጭ ወደሚኖረው ወገን የተተከለ የሚሆነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የደብረ ታቦር ወጣት ይህንን ሳያውቅ ቢጀምር ለጎረቤቱ የሚጠቅመውን ነገር ትቶ ለሩቅ ሰው የሚያስደነግጠውን ወደ መሥራት ይገፋል። የሚገፋው ክፋት አይደለም፤ ሒሳቡ ነው።

ሌላ ከፋይ የለም ማለት ግን አይደለም። የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆና "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የተሰኘውን የልጆች ፕሮግራም ስትጀምር ትልቅ ስቱዲዮ አልነበራትም። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ አሻንጉሊት ናት። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2010 ብሩክታዊት የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆነች። ፀሐይም ከአማርኛ አልፋ በሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች ተናግራለች።

ከዚህ የምንማረው ስለ ሽልማቱ ብቻ አይደለም። ፀሐይን የሚያዩት ልጆች ናቸው፤ ልጆች ደግሞ አይከፍሉም። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚከፍለው ልጆች እንዲማሩ የሚፈልግ አካል ነው፤ ትምህርት ላይ የሚሠራ ድርጅት፣ ስፖንሰር፣ መጽሐፍና ቪዲዮ የሚገዛ ትምህርት ቤትና ወላጅ። የሚያየውና የሚከፍለው አንድ ሰው ላይሆን ይችላል። ይህንን ለይቶ ማወቅ ከካሜራ በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው።

በገበሬው ዘንድም ተመሳሳይ ነገር አለ። ከህንድ ተነሥቶ ኢትዮጵያ ውስጥ ከግብርና ባለሙያዎች ጋር የሠራው ዲጂታል ግሪን የተባለ ድርጅት፣ ገበሬዎች ራሳቸው በቋንቋቸው የሚያስረዱባቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች በመንደር እየተቀረጹ በትንሽ ፕሮጀክተር እንዲታዩ አድርጓል። ፕሮጀክተሩ በባትሪ ይሠራል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ገበሬ ከማያውቀው ባለሙያ ይልቅ እንደሱ አፈር የሚገፋ ሰው ሲናገር ይሰማል። የፎገራ ሩዝ፣ የፋርጣ ድንች፣ የጉና ሥር ገብስና በግ ባለበት አካባቢ እንዲህ ያለ ሥራ ከፋዩ ማን እንደሆነ ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ምርጥ ዘር የሚያባዛው፣ ማዳበሪያ የሚያቀርበው ዩኒየን፣ ለገበሬ የሚያበድረው ተቋም ሁሉ መልእክቱ ገበሬው ጆሮ እንዲደርስለት ይፈልጋል።

የማን ነው?

"የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይላል የሀገራችን ሰው። በቲክቶክ ወይም በፌስቡክ 100,000 ተከታይ ያፈራ ወጣት ትልቅ ሀብት ያለው ይመስለዋል። ነገር ግን የተከታዮቹ ዝርዝር የሱ አይደለም፤ ገጹ በአንድ ሌሊት ቢዘጋ ተከታዩን የት ብሎ ይፈልገዋል? መተዳደሪያ ደንቡን የሚያወጣው፣ የሚለውጠውም የመድረኩ ባለቤት ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሥራ ፈጣሪ ዋናውን ቅጂ በራሱ ዘንድ ያስቀምጣል፣ የደንበኞቹን ስልክ ይመዘግባል፣ በአንድ መድረክ ላይ ብቻ አይቆምም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የፈጠረውን ሰው መብት እንደሚጠብቅም ማወቅ ይጠቅማል። ሥራውን ለሌላ ሲሰጥ ምን እንደሰጠና ምን እንዳስቀረ በጽሑፍ ካልያዘ ግን አዋጁም ብዙ አይረዳውም።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ እዚያው ደቡብ ጎንደር ውስጥ ይገኛል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው፣ በተለምዶ "የቻይና መንገድ" በሚባለው መንገድ ላይ ጥቂት እንደተጓዝን ከአስፋልቱ ገባ ብላ አውራ አምባ አለች። በክብር ዶክተር ዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተችው ይህች መንደር ሥራን በጾታ በማይለይ አኗኗሯ፣ በሽመናዋና በአረጋውያን እንክብካቤዋ ከሀገር አልፋ በዓለም ታውቃለች።

ፓውሊና ቴርቮ የተባለች ፊንላንዳዊት የፊልም ባለሙያ ስለ አውራ አምባ ዘጋቢ ፊልም ሠራች። በኋላም ከሰርዳር ፈሪት ጋር ሆና ተመልካቹ በኮምፒዩተሩ መንደሯ ውስጥ እየተዘዋወረ፣ ቤት እየገባ፣ ነዋሪዎቹን እየሰማ የሚያያት ዲጂታል ሥራ አዘጋጀች። ሥራው በመምህራን ዘንድ ተወደደ። ሁለቱም ከዚህ ተነሥተው ሊፍታ የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። ሊፍታ ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የተሰበሰቡ የሰዎችን ታሪኮች በዚያው መንገድ እያዘጋጀ ለትምህርት ቤቶች ያቀርባል፤ መሠረቱም እንግሊዝና ፊንላንድ ነው።

ይህንን የምንናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሰዎቹ ያዩትን አይተው፣ ለፍተው ሠርተዋል፤ የመንደሯንም ስም በክብር አንሥተዋል። እኛን የሚያስቆጨን ሌላ ነው። ታሪኩ ያለው ደብረ ታቦር ወጣት ከሚኖርበት ቤት በአውቶቡስ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ርቀት ላይ ነው። መንገዱን ያውቀዋል፣ ቋንቋውንም ይናገራል። ይህ ታሪክ የትምህርት ቤት ዕቃ ሆኖ ሊሸጥ እንደሚችል ያየው ግን ከሌላ ዓለም የመጣ ሰው ነው። ልዩነቱ የካሜራ አይደለም። ልዩነቱ "ይህንን ለማን እሸጠዋለሁ?" ብሎ የመጠየቅ ልምድና ያንን ጥያቄ የሚሰማ ባለሀብት አጠገብ ያለመኖሩ ነው። መድረኩ ወደ ደብረ ታቦር ይምጣ የምንለው ለዚህ ነው።

የባለሀብት ገንዘብ ሲገባ ገበያው እንዴት እንደሚለወጥ ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን አሳይቶናል። በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ከባለድርሻዎቹ አንዱ በአፍጋኒስታን ቴሌቪዥን የታወቀው ሞቢ ግሩፕ ነበር። "ጥቁር ፍቅር"ን የመሰሉ የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ተሠርተው ቀረቡና በጥቂት ወራት ውስጥ ማምሻውን ተቆጣጠሩት። የሀገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች "የውጭ ድራማ ሊውጠን ነው" ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። በሌላ በኩል ድምፃቸውን የሚሰጡ፣ የሚተረጉሙ፣ የሚያቀናብሩ ብዙ ወጣቶች ሥራ አገኙ። ሁለቱም እውነት ነው። አንድ ባለሀብት የቃናን ታሪክ በመድረክ ላይ ቢነግረን መስማት የምንፈልገው ስለ ተመልካች ብዛት ብቻ አይደለም፤ ትርጉም ድራማ በርካሽ ሲገኝ የራሳችንን ድራማ ማን በምን ገንዘብ እንደሚሠራም ጭምር ነው።

ባለሀብቱን እንዴት እናናግረው?

ባለሀብት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ገንዘብ የሚሰጥ ደግ ሰው ወይም ገንዘብ የሚያበድር ባንክ ነው። ሁለቱም አይደለም። የደጋው ገበሬ ግን ነገሩን ከድሮ ያውቀዋል። ላም ያለው ላም ለሌለው በርቢ ይሰጣል፤ ያኛው ያበላል፣ ይጠብቃል፤ የተወለደውን ይካፈላሉ። መሬት ያለው በመገዞ ያሳርሳል፤ ምርቱን ይካፈላሉ። ዝናብ ቢቀር ሁለቱም ያጣሉ። የዲጂታል ባለሀብትም ስምምነቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ገንዘቡን ያስገባል፣ በምትኩ የሥራውን ድርሻ ይወስዳል።

እስቲ አንዲት ወጣት እጇን አውጥታ ስትጠይቅ እናስባት። "እርስዎ 1 ሚሊዮን ብር አስገብተው አንድ አምስተኛውን ቢወስዱ፣ ነገ ሌላ ባለሀብት መጥቶ እሱም አንድ አምስተኛ ቢጠይቅ የኔ ድርሻ ስንት ይቀራል?" ሒሳቡ ቀላል ነው። ከመጀመሪያው በኋላ 80 በመቶ ይቀራታል፤ ከሁለተኛው በኋላ የሰማንያው አምስተኛ ይነሣና 64 በመቶ ይሆናል። ሦስተኛ ቢመጣ ወደ 51 በመቶ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በገዛ ሥራዋ ላይ ብቻዋን መወሰን ያበቃል። ይህንን ስሌት መድረክ ላይ፣ በሰሌዳ ላይ፣ በአማርኛ የሚያሳይ ባለሀብት አንድ ሰዓት ሙሉ "በርቱ" ከሚል ተናጋሪ ይበልጣል።

ነገሩ ለዚህ ገጽ አንባቢዎችም የቀረበ ነው። ወለድ ካለበት ብድር የሚሸሽ ሙስሊም ወጣት ለሥራው መነሻ ገንዘብ ሲፈልግ በሩ የጠበበ ይመስለዋል። የድርሻ ስምምነት ግን ከሙዳረባና ከሙሻረካ ጋር ይቀራረባል። በሙዳረባ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ሥራና ሙያ ያመጣል፤ ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት መጠን ይካፈላሉ፤ ሠራተኛው ካላጠፋ በቀር የገንዘቡ ኪሳራ በገንዘቡ ባለቤት ላይ ነው። በሙሻረካ ሁለቱም ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ኪሳራውም እንደ መዋጮው ይከፈላል። ሀገራችን ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነውን የመጀመሪያ ባንክ ዘምዘምን ካየች ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ሆኖም ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ ስልክና ሐሳብ ብቻ ያለው ወጣት ደግሞ የሚያስይዘው ቤት የለውም። ስለዚህ የአካባቢው ነጋዴ፣ በውጭ ያለው የደብረ ታቦር ልጅ፣ እቁብ የሚጥሉ ጓደኛሞች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው በሽርክና ቢገቡ ሩቅ ያለውን ባለሀብት ከመጠበቅ ይሻላል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው ለዚህ ነው።

መስመሩ ሲቋረጥስ?

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ ሳያስብበት የሚያልፈው ጥያቄ ይህ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጸጥታው ችግር የተነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ሥራው በሙሉ በኢንተርኔት ላይ የነበረ ሰው በዚያን ጊዜ ሱቁ ተዘግቶበታል። ለሌላው ተናጋሪ "ሁልጊዜ መስመር ላይ ሁኑ" ማለት ቀላል ነው። ጋይንት ወይም እስቴ ላለ ወጣት ግን ምክሩ ከመስመር ውጭም የሚቆም ሥራ እንዲያስብ መሆን አለበት።

እንዲህ ያለ ሥራ አለ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ አገልግሎት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ተራ ስልክ ያለው ገበሬ ደውሎ በቋንቋው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ ይሰማል። ሚሊዮኖች ደውለውበታል። ከላይ ያነሣነው የባትሪ ፕሮጀክተርም እንደዚያው ነው። በሚሞሪ ካርድ የሚሸጥ ትምህርት፣ በማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚተላለፍ ፕሮግራም፣ በስልክ ድምፅ የሚሰማ የገበያ ዋጋ፣ ሁሉም ዲጂታል ሚዲያ ናቸው።

መስመሩ ሲኖር ደግሞ ሕጉን ማወቅ ግድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ የሚያሰራጭን ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊያስከትልበት እንደሚችል ደንግጓል። 5,000 ተከታይ ማፍራት ለአንድ ወጣት የደስታ ቀን ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃላፊነቱም እንደሚከብድ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። በተካረረ ጊዜ ጩኸት ገንዘብ ያመጣል፤ ያንኑ ያህልም ሰው ያጣላል። እዚያው ጎረቤቱ መሐል ሆኖ የሚሠራ ወጣት ነገ ከሚያጣላቸው ሰዎች ጋር ገበያ የሚገናኝ መሆኑን አይርሳ።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

እኛ የምናስበው መድረክ ትልቅ አዳራሽና ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አለው፤ ከተማዋ የዞኑ መቀመጫ ናት፤ ከባሕር ዳርም በመንገድ የተገናኘች ናት። በወር አንድ ሰው ቢጋበዝ በዓመት አሥራ ሁለት ይሆናል። ከአሥራ ሁለቱ ግማሹ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ይሁን፤ ግማሹ ግን ከአካባቢው ቢሆን እንመርጣለን። ሠርግ እየቀረጸ የሚያድር፣ ፎቶ ቤት ከፍቶ ሦስት ሠራተኛ የቀጠረ፣ የሩዝ ዋጋን በቴሌግራም ለነጋዴ የሚያሳውቅ ሰው በመድረኩ ላይ ቦታ አለው። እሱ የሚያወራው ሒሳብ ሰሚው ነገ ጠዋት ሊሞክረው የሚችል ሒሳብ ነው።

ተጋባዡ ሲመጣ የሒሳብ መዝገቡን ይዞ ይምጣ፤ በመጀመሪያው ዓመት ስንት ወጪ እንዳወጣ፣ መጀመሪያ የከፈለው ደንበኛ ማን እንደነበር፣ ምን ላይ እንደከሰረ ይናገር። ንግግሩ አንድ ሰዓት ከሆነ ጥያቄው ሁለት ሰዓት ይሁን። በማግሥቱም ሳይሄድ አምስት ወጣቶችን አስቀምጦ ሥራቸውን ይይላቸው። ሁሉም በአማርኛ ይቀረጽ፤ ቅጂውም በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ መምጣት ያልቻለው የንፋስ መውጫና የእስቴ ልጅ በሚሞሪ ካርድ ይውሰደው። ሰዓቱም ይታሰብበት፤ በረመዳን በአፍጥር ሰዓት የተጠራ ስብሰባ ግማሹን ሰሚ አስቀድሞ እንዳስቀረ ይቆጠራል፤ ሴት ልጆችም በጊዜ ቤታቸው የሚገቡበት ሰዓት ቢመረጥ አዳራሹ ይሞላል።

ከሁሉ በላይ እያንዳንዱ መድረክ ሲያልቅ አንድ ነገር እዚያው ይተው። አንድ የጋራ ካሜራ ሊሆን ይችላል፤ የተፈረመ የሽርክና ውል ናሙና ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ ዩኒየን የሥራ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለው ወር ተጋባዥ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚነገረው ያለፈው ወር የተረፈው ነገር ምን ላይ እንደደረሰ ይሁን። ጋፋት ላይ ሁለተኛ መድፍ ያልተሠራው ሙያው ከባለሙያዎቹ ጋር ስለሄደ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ሁለተኛውን ቪዲዮ፣ ሁለተኛውን ኩባንያ የሚሠራው ተናጋሪው ከሄደ በኋላ እዚያው የሚቀረው ልጅ ነው። አዘጋጆቹም መድረኩን ሲያሰናዱ መጀመሪያ የሚያስቡት ለሱ ቢሆን እንላለን።